ለጀማሪ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፦ ጠቡን ለመገላገል አትቸኩሉ

ውድ ልጆቼ፣ ገና ሥራ የጀመራችሁ መምህራን፤ ወላጆች በር ላይ ጠብቀው «ልጄ ፊደል ለየ ወይ?» ብለው ይጠይቋችኋል። ተገቢ ጥያቄ ነውና በደንብ መልሱላቸው። የሥራችሁ ዋና ነገር ግን እርሱ እንዳይመስላችሁ፣ አደራ።

ዋናው ሥራ የሚመጣው ሁለት የሦስት ዓመት ልጆች በአንዲት ቀይ መኪና ሲጓተቱ ነው። አንዷ ትጮኻለች፣ ሌላው ሊነክሳት አፉን ከፍቷል። ጀማሪ መምህር መኪናዋን ወስዶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣታል። ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ልጆቹ የተማሩት ግን ጉልበት ያለው እንደሚወስድ ብቻ ነው። እናንተ ተንበርከኩ። ንክሻውን በእጃችሁ አስቁሙ፣ መኪናዋን ግን አትንኩ። «ተናደሃል፤ አንተም መጫወት ፈልገሃል» በሉት፤ ለእርሷም የእርሷን ንገሯት። ከዚያ «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፤ አፋችሁ መፍትሔውን ለመናገር ይቸኩላል። የሚስማሙበት ነገር ለእናንተ ፍትሐዊ ባይመስላችሁም፣ ማንም እስካልተጎዳ ድረስ ተዉላቸው። ስሜቱን በስሙ መጥራት፣ ተራ መጠበቅ፣ ተጣልቶ መታረቅ የሚለመደው እንዲህ በመሰለው ደቂቃ ነው። «ይቅርታ በል!» ተብሎ በግዳጅ የወጣ ቃል ግን ከከንፈር አያልፍም።

ይህን የምለው ከስሜት ተነሥቼ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የፔሪ ጥናት 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ይዞ፣ ገሚሱን ቅድመ መደበኛ ትምህርት አስተማረ። የተማሩት በአእምሮ ብቃት ፈተና ያገኙት ብልጫ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመታት ውስጥ ጠፋ። እስከ 40 ዓመታቸው ሲከታተሏቸው ግን፣ ቅድመ መደበኛ ካልገቡት ጋር ሲነጻጸር፣ ከገቡት መካከል ትምህርት የጨረሰውና ሥራ የያዘው ብዙ፣ የታሰረው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። የኖቤል ተሸላሚው ኢኮኖሚስት ጄምስ ሄክማንና ባልደረቦቹ መረጃውን መርምረው፣ ለልዩነቱ ትልቅ ድርሻ ያለው የልጆቹ ጠባይ መሻሻል ነው አሉ። የተጠኑት ልጆች ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው፤ እኔን ግን አሳምኖኛል። መምህራኑ በየሳምንቱ እየሄዱ ከእናቶች ጋር በየቤታቸው ይሠሩ እንደነበርም አትርሱ። ወላጅን ገሸሽ አድርጎ ልጅ ማሳደግ አይቻልም።

ብቻውን የሚጫወት ልጅ ብታዩ ደግሞ ወደ ቡድኑ አትጎትቱት። በዚህ ዕድሜ ጎን ለጎን ተቀምጦ በየራስ መጫወትም የማኅበራዊ ኑሮ ጅማሬ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያለቅስ ልጅ ሲያጋጥማችሁ፣ እናቱ ተደብቃ እንድትወጣ አትምከሯት። ልቅሶው ለጊዜው ያጥራል፤ ልጁ ግን ነገ ዐይኑን ከበሩ ላይ አይነቅልም፣ ጨዋታም አይይዘውም። ፊት ለፊት ትሰናበተው። ሰዓት ስለማያውቅ «ከእንቅልፍ ስትነሣ እመጣለሁ» ትበለው፣ ባለችው ጊዜም ትምጣ። እስክትመጣ ድረስ ከእናንተ አንዱ፣ በየቀኑ ያው ሰው፣ አጠገቡ ይሁን።