-2 መልስ የማይሆነው ለምንድን ነው?

አብሽር ወንድሜ፣ ልክ ነህ። የሒሳብ ፈተናህ ጥያቄ «የ(ኤክስ ሲደመር 6) ስኩዌር ሩት ከኤክስ ጋር እኩል ቢሆን ኤክስ ስንት ነው?» የሚል ነበር። አንተ 3 ብቻ የሚለውን አጠቆርክ። ጓደኞችህ ሁሉ ደግሞ 3 እና -2 አሉ።

ጓደኞችህም ከመሬት ተነስተው አላመጡትም። ሁለቱንም ጎን ስኩዌር ስታደርግ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ኤክስ ሲቀነስ 6 እኩል ይሆናል 0 ይመጣል። ይሄ ሲፈታ 3 እና -2 ይሰጣል። እነሱ እዚህ ላይ ቆሙ። አሁን ቁጥሮቹን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሰህ አስገባ። በ3 የ9 ስኩዌር ሩት 3 ነው፤ ገጠመ። በ-2 ግን ግራው የ4 ስኩዌር ሩት ማለትም 2 ነው፣ ቀኙ -2። አልገጠመም። 2ም -2ም ስኩዌር ሲደረጉ 4 ስለሚሆኑ ነው የማይሆነው መልስ ሾልኮ የገባው።

ጭንቀትህ በደንብ ይገባኛል። ኮምቦልቻ ስማር ከሒሳብ ፈተና ወጥተን አጥሩ ጥላ ስር መልስ ስናስተያይ የእኔ ብቻ ተለየ። ምሳ አልበላ አለኝ። ከሰዓት ፊዚክስ ስፈተን እጄ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያንኑ የሒሳብ ጥያቄ ይሠራ ነበር። ውጤት ሲመጣ ሒሳቡን አግኝቼዋለሁ፤ ፊዚክሱን ግን አበላሸሁት።

አንተም ነገ ፊዚክስ አለብኝ ብለሃል። ዛሬ ማታ ከማንም ጋር መልስ አታስተያይ። ፎርሙላህን ከልስና በጊዜ ተኛ። ፈተናው ሁሉ ሲያልቅ ጓደኞችህን ሰብስበህ -2ን አስገብተህ አሳያቸው።