«ወንድሜን ወዴት ልውሰደው?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፤ ኮምቦልቻ ይማራል። በቀደም ቡና ስወቅጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ልቡ የሚያዘነብለው ወደ ወንድ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፉ አይዞርም፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያነጋል። እናቴ ምክንያቱን ሳታውቅ ጠበል ይሂድ ትላለች፤ አጎቴ ደግሞ ሸኹ ዘንድ ዱዓ ይደረግለት ይላል። ጭራሽ እናቴ ልጅ አይታለታለች። አየርላንድ፣ ደብሊን ያለችውን ዘመዳችንን ስሙን ሳልጠራ ብጠይቃት፣ «እዚህ መንግሥት ለእንዲህ ያሉ ወጣቶች ዕቅድ አለው» አለችኝ። እውነት ነው? እኛ ጋስ ምን አለ?
እህቱ፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ዘመድሽ ያለችው እውነት ነው። የአየርላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ለተመሳሳይ ፆታ ለሚሳቡና በፆታቸው ከብዙኃኑ ለሚለዩ ወጣቶች እስከ 2020 የሚቆይ ብሔራዊ ስትራቴጂ አወጣ፤ በመንግሥት ደረጃ በዓለም የመጀመሪያው ነው። ዕቅዱ ከመጻፉ በፊት ወደ 4,000 የሚጠጉ ወጣቶችን ሐሳብ ጠይቀዋል። እኔ ይኼን ወድጄላቸዋለሁ፤ ለወጣት ሲታቀድ ወጣቱን የሚጠይቅ ስንቱ ነው? ያቀዱትም ልጆቹ ሳይሸማቀቁ የሚውሉበት ቦታ እንዲኖር፣ የአእምሮና የአካል ጤናቸው እንዲጠበቅ፣ ኑሯቸውም በጥናት እንዲታወቅ ነው። ደግሞ አየርላንድ ድሮም እንዲህ የነበረች እንዳይመስልሽ። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አገር ናት፤ በወንዶች መካከል የሚፈጸም ግንኙነት ከወንጀልነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ዕቅድ የለም፤ አለ ብዬ አላሞኝሽም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ድርጊት በእስራት ያስቀጣል። ልብ በይ፣ የተጻፈው ስለ ድርጊት ነው። ልቡ ያለበትን ለእህቱ መንገሩ ወንጀል አይደለም።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። ዝንባሌው በሽታ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታ መዝገብ የፋቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የዓለም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 «እንቀይረዋለን» የሚለውን ሕክምና ከሙያው ሥነ ምግባር የወጣ ነው ብሎታል። ስለዚህ «አስተወዋለሁ» የሚል ሰው ካገኘሽ ገንዘብሽንም ወንድምሽንም አትስጪው።

እንቅልፍ ማጣቱና ምግብ መተዉ ግን ይታከማል። የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ውሰጂው። እኔ በነርስነት ስሠራ እንዲህ ያሉ ልጆች ይመጡ ነበር። አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ተራው ሲደርስ ለሌላው ይለቃል፤ ሰው ሁሉ ሲወጣ ገብቶ ጫማውን እያየ «ራሴን ያመኛል» ይላል። ምን እንደሆነ አላፋጥጠውም፤ ስለ እንቅልፉ እጠይቀዋለሁ፣ ቀጠሮ እሰጠዋለሁ። የቀረው ሲመጣ ይመጣል። ወንድምሽም «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ካለ ለመታከም በቂ ነው፤ ሌላውን ካልፈለገ አይናገር።

አንድ ነገር ግን አንቺው ራስሽ፣ ሳታፍሪ ጠይቂው፤ መሞት አስበህ ታውቃለህ በይው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለሽ ብቻውን እንዳያድር፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው። ጓዳ ውስጥ ፀረ ተባይ ካለ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ።

ጠበሉንም ዱዓውንም አልከለክልሽም። በአንድ ቤት ሁለቱም የሚታሰብበት አገር ላይ ነው ያለነው፤ እኔም ከዚያው ነኝ። ራሱ ከወደደ ይሂድ። አስሮ መውሰድ፣ አስርቦ ማቆየት ግን አይሆንም።

ምሥጢሩን ደግሞ ጠብቂ። ደብሊን ላለችውም ቢሆን በመልእክት አትጻፊ፤ ስልክ ከእጅ እጅ ይዞራል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ እየለጠፉ «ይኼ እንዲህ ነው» ሲሉ አይተናል። ለእናትሽም መንገር ካለበት ይንገራት፣ ግን እሱ በመረጠው ቀን፤ አንቺ አትቅደሚው።

የታየችለትን ልጅ ነገር እናትሽ «ትዳር ሲይዝ ይረጋጋል» ትልሽ ይሆናል። እሠራበት ከነበረው የሕክምና ክፍል እንዲያ ተብለው የተዳሩ ገብተዋል፤ ሚስቶቻቸውም ገብተዋል፣ እነሱም እንቅልፍ አጥተው። ለአሁኑ «ትምህርቱን ይጨርስ፣ ሥራ ይያዝ» በያት። የልጅቷ ቤተሰቦች ዘንድ ሽማግሌ ሳይላክ ቶሎ በያት እንጂ፣ ከተላከ በኋላ መመለሱ ይከብዳል።