ልጄን ከንባብ ክፍል ማስወጣት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ልጄ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል ናት። በንባብ ሰዓት ሁለት ወንዶች የሚጋቡበት ታሪክ እንደተነበበላቸው ነገረችኝ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ይህን ጉዳይ ጊዜው ሲደርስ እኔው ላስረዳት እፈልጋለሁ። አስተማሪዋን ባነጋግራት «እሺ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምንም የለም። መጻሕፍቱን ማስነሣትስ ይቻላል? ወረቀቴ ገና ስላላለቀ ስሜን የትም ማስገባት ፈራሁ። አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ማስወጣት ይችላሉ። ይህ መብት የጸናው ደግሞ በዚያው በእርስዎ ካውንቲ ላይ በቀረበ ክስ ነው። የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ልጅዎ እንደሰማችው ያሉ ታሪኮች የያዙትን መጻሕፍት በ2022 ሲያስገባ መጀመሪያ ላይ ወላጅ ልጁን እንዲያስወጣ ይፈቅድ ነበር፤ ማርች 2023 ላይ ከለከለ። ሙስሊም፣ ካቶሊክና ኦርቶዶክስ ወላጆች ከሰሱ፤ ሰልፍ ከወጡት መካከል የእኛ ሰዎችም ነበሩበት። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች አልተቀበሏቸውም። ጁን 27 ቀን 2025 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ቦርዱ እነዚህንም ሆነ መሰል መጻሕፍትን ከማንበቡ በፊት እንዲያሳውቃቸውና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ እንዲፈቅድላቸው አዘዘ። ትእዛዙ በቀጥታ የተሰጠው ለከሳሾቹ ነው፤ የተመሠረተበት የሃይማኖት ነፃነት ግን የእርስዎም ነው።

የእኔ ሥጋት ያቺ «እሺ» ናት። እኛ አገር አስተማሪ እሺ ካለ ነገሩ አለቀ። እዚህ ግን ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ነው። አንድ አባት ማስረጃ አለኝ ብሎ መጥቶ ስልኩን ቢከፍትልኝ፣ አስተማሪው የላከለት አንድ የአውራ ጣት ሥዕል ብቻ ነበር። እርስዎ ለአስተማሪዋና ለርዕሰ መምህሩ በአንድ ላይ ኢሜይል ይላኩ። የልጅዎን ስምና ክፍል ይጻፉና እንዲህ ይበሉ፦ «በሃይማኖታዊ እምነቴ ምክንያት ልጄ ሁለት ወንዶች የሚጋቡበት ታሪክ ባለበትና በመሰል መጻሕፍት ንባብ ላይ እንዳትገኝ እጠይቃለሁ፤ ከንባቡ በፊት በጽሑፍ አሳውቁኝ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ይሰጣት።» ትምህርት ቤቱ ለዚህ የራሱ ፎርም ካለው እሱንም ይሙሉ። «በሃይማኖታዊ እምነቴ» የሚለውን እንዳይተዉት፤ «አልተመቸኝም» ብቻ ካሉ የቆሙበትን መሬት ለቀቁ ማለት ነው።

እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ትምህርት ቤቱን ያስገድደዋል፤ አማርኛም ካውንቲው ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ብቻ ልጅቷን በራሷ ጉዳይ አስተርጓሚ እንዳያደርጓት።

መጻሕፍቱን ስለማስነሣት፦ ፍርድ ቤቱ እንዲያ አላለም። መብትዎ የራስዎን ልጅ እስከማስወጣት ነው፤ የጎረቤት ልጅ እዚያው ቁጭ ብሎ ሊሰማ ይችላል። የክፍል ጓደኛዋ «እኔ ሁለት እናት አለኝ» ብሎ ቢያወራም ትምህርት ቤቱን ተጠያቂ የሚያደርግ ነገር የለም። ይህን ስናገር የሚያኮርፉኝ ደንበኞች አሉ፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። የሚነበበው ነገር ይቀየር የሚሉ ከሆነ ቦታው ቦርዱ ነው፤ ሰባቱ አባላት በሕዝብ የሚመረጡ ናቸውና።

ስለ ወረቀትዎ፦ ይህ ክስ አይደለም፤ ወላጅ ለትምህርት ቤት የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅ እንኳ ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይከለከል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል። የተማሪ መዝገብም ሕጉ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች ውጪ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይሰጥም። ኢሜይሉ ላይ ስለ ኬዝዎ አንዲት ቃል አይጻፉ፤ ለጥያቄዎ አያስፈልግም። ቦርድ ፊት ቀርቦ መናገር ግን በቪዲዮ ይተላለፋል፤ እሱን ካልፈለጉ ይተዉት፣ መብትዎ አይቀንስም።

በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ፣ ያንኑ ኢሜይል ለርዕሰ መምህሩ ደግመው ይላኩ። ያም ዝም ከተባለ ሁለቱንም አትመው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።