የግንድ ጎጆ እና የወርቅ ማንኪያ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬ ያለቀው የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ ነው፤ ሂሳብ መርማሪ ነበርኩ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ለድንገተኛ ቆጠራ ተላክኩ። ገንዘብ ያዡ የሸሚዙ አንገትጌ የነተበ፣ ምሳውን በፌስታል ቋጥሮ የሚመጣ ሰው ነበር። አሳዘነኝና ካዝናውን ሳልቆጥር አሳደርኩለት። በማግስቱ ስመለስ ገንዘቡም ሰውዬውም አልነበሩም። አለቃዬ ብዙ አልተቆጣም። «የቆጠርከው ሸሚዙን ነው» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዛሬ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ልጄ ቤት ነው። ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄን ይዤ በጄምስ ወንዝ ዳር ያለውን የበርክሌይን ጥንታዊ የእርሻ ቤት ለማየት ሄድኩ። ትልቅ የጡብ ቤት ነው። በጎን በሩ አናት ላይ 1726 የሚል ቁጥርና የባልና የሚስት ስም መነሻ ፊደላት ከልብ ቅርጽ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል። ልጁ ቀና ብሎ አየና «አያቴ፣ ያ ጎጆ ውስጥ ኖረ የሚሉት ፕሬዝዳንት የተወለደው እዚህ ነው?» አለኝ።

እዚሁ ነው። ከእናንተ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ለመስጠት የተመዘገባችሁ ስላላችሁ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1773 በዚህ ቤት ተወለደ። አባቱ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ ነበሩ፤ ኋላም የቨርጂኒያ ገዢ ሆነዋል። ልጁ ለ1840ው የፕሬዝዳንት ምርጫ ሲወዳደር አንድ የባልቲሞር ጋዜጣ ሊያዋርደው ፈልጎ፣ ጡረታና አንድ በርሜል የፖም ጠጅ ብትሰጡት ቀሪ ዘመኑን ከግንድ ጎጆው ሳይወጣ ይጨርሳል ሲል አላገጠበት። የሃሪሰን ደጋፊዎች፣ ዊግ የሚባለው ፓርቲ ሰዎች፣ ስድቡን ከመሬት አንስተው ዓርማ አደረጉት። ጎጆ በሠረገላ ጭነው በየከተማው ዞሩ፣ የፖም ጠጅ በነፃ ቀዱ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኳስ እየዘፈኑ ከከተማ ከተማ አንከባለሉ። ኦሃዮ ውስጥ ኖርዝ ቤንድ የሚገኘው የሃሪሰን ቤት በእርግጥ የግንድ ጎጆ ነበረበት፤ ነገር ግን በዙሪያው በተሠራው ሰፊ ቤት ተውጦ ነበር።

ተቃዋሚው ፕሬዝዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ግን ኒው ዮርክ ውስጥ ኪንደርሁክ በምትባል መንደር የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ ነው። ጌታ ተደርጎ የተሳለው እርሱ ነበር።

ይኼኛው ክፍል የሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በሚያዝያ 1840 ለፕሬዝዳንቱ መኖሪያ እድሳትና ዕቃ 3,665 ዶላር በጀት ተጠየቀ። የፔንሲልቬንያው ተወካይ ቻርልስ ኦግል ተነሥቶ ለሦስት ቀን ተናገረ። የቤተ መንግሥቱን የወጪ ሰነድ ዘርዝሮ የወርቅ ማንኪያውን፣ አረንጓዴውን የጣት መታጠቢያ ብርጭቆ አንድ በአንድ አነበበ። (ማስታጠቢያ በየቤቱ ባለበት አገር ላደግን ለእኛ፣ ከምግብ ጋር ጣት መታጠብ የቅንጦት ማስረጃ መሆኑ ያስቃል።) ሰነዶቹ ሐሰተኛ አልነበሩም፤ ተንኮሉ ያለው አቀራረቡ ላይ ነው። ከዕቃው ብዙው የተገዛው በቀደሙት ፕሬዝዳንቶች ዘመን ሲሆን፣ ዕዳው የተጻፈው በቫን ቢዩረን ስም ነው። ከዚያው ከዊግ ወገን የሆነው ሌቪ ሊንከን ተነሥቶ አስተባብሎ ነበር፤ ታትሞ በየመንደሩ የተበተነው ግን የኦግል ንግግር ነው።

ሃሪሰን 234 ለ60 በሆነ የወኪል መራጮች ድምፅ አሸነፈ። መምረጥ ከሚችሉት 80 በመቶ ያህሉ ወጥተው ነበር። ሰዉ ሞኝ ነበር ብላችሁ አትለፉት። በ1837 ባንኮች የወረቀት ገንዘብን በወርቅና በብር መመንዘር አቁመዋል፤ ብዙ ሰው ሥራ አጥቷል። ሥራ ያጣ ሰው ስለ ማንኪያ ሲነገረው የሚሰማው የገዛ ሆዱን ነው። ስለዚህ ለመሳቅ አትቸኩሉ። የሃሪሰንን መፈክር የፈጠረለት የባልቲሞሩ ጋዜጣ ንቀት እንደሆነም አትርሱ፤ የተማራችሁት ደግሞ በዚህ በኩል ትሳሳታላችሁ።

ዊጎች ይህን ጥበብ የቀሰሙት ከተቀናቃኞቻቸው፣ ከቫን ቢዩረን ፓርቲ ከዲሞክራቶች ነው። ከቫን ቢዩረን በፊት ፕሬዝዳንት የነበረው አንድሩ ጃክሰን በ14 ዓመቱ እናት አባት ያጣ ሰው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። በ1828 የፕሬዝዳንት ልጅ የሆነውን ጆን ኩዊንሲ አዳምስን ሲያሸንፍ ግን ናሽቪል አጠገብ ባለው እርሻው በባርነት የያዛቸው ሰዎች ወደ 100 ይጠጉ ነበር። ቃለ መሐላ በፈጸመ ዕለት ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን አጥለቅልቆ ሸክላ ሰበረ፤ እርሱም ሾልኮ ሆቴል ገባ። በቀጣዩ ዓመት ነባር ሕዝቦችን ከርስታቸው የሚያፈናቅለውን ሕግ ፈረመ።

በዚያ ዘመን «ሕዝብ» ሲባል የመደቡ አጥር ወርዶ ነበር፤ አብዛኞቹ ግዛቶች ነጭ ወንድ ንብረት ባይኖረውም እንዲመርጥ ፈቅደዋል። ኒው ዮርክ በ1821 ለነጩ የንብረቱን ግዴታ ስታነሣ፣ ለጥቁሩ ግን 250 ዶላር የሚያወጣ ርስት እንዲኖረው ጠየቀች። በእኛ መልክ እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ያ መስመር የሚዘለል አይደለም። አንድ ተወዳዳሪ እጅጌውን ሰብስቦ «የእናንተ ነኝ» ሲላችሁ፣ የበላውንና የለበሰውን ተዉት፤ ምክር ቤት ገብቶ የትኛውን ሕግ ደግፎ የትኛውን እንደተቃወመ መዝገቡ ክፍት ነው፣ አንብቡት። «የእናንተ» ባለው ውስጥ ማን እንዳልተቆጠረም ፈልጉ።

ሃሪሰን ሁለት ሰዓት ገደማ የፈጀ የመክፈቻ ንግግር አድርጎ፣ በወሩ ሞተ። የተካው ጆን ታይለርም የተወለደው ከበርክሌይ ብዙ ሳይርቅ፣ እዚያው ቻርልስ ሲቲ በሚባለው አውራጃ፣ እንደ እርሱ ባለ የእርሻ ጌታ ቤት ነው። ይህን ወደ መኪናው ስንመለስ ለልጁ ነገርኩት። ቀበቶውን እያሰረ ዝም ብሎ ቆየና «እዚያ እርሻ ላይ እውነተኛ ጎጆ ውስጥ ይኖሩ የነበሩትስ መረጡ?» አለኝ።

አልመረጡም አልኩት።