ለቃኘው ዘማች አያቴ የቱን ክፍል ላሳያቸው?

ጥያቄ፦ አያቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ናቸው። የአጎቴ ልጅ «ማሽ» የሚባል የድሮ የአሜሪካ ኮሜዲ በፍላሽ አመጣልኝ፤ ኮሪያ ስለዘመቱ ሐኪሞች ነው። ግን ከ250 ክፍል በላይ ነው። አያቴ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ አጠገባቸው ሆኜ የምተረጉመው እኔ ነኝ። የትኞቹን ልምረጥ? ደግሞ «አቢሲኒያ፣ ሄንሪ» የሚል ርዕስ አየሁ። ስለ እኛ ነው?
ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ

መልስ፦ ለአባባ ዕድሜ ይስጥልን። እኔም የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠና ጋቢዬን ተከናንቤ ደጋግሜ ያየሁት ነው።

ከክፍል 1 አትጀምር። የመጀመሪያዎቹ ቀልዳቸው አፍ ላይ ነው። አንዱን ተርጉመህ ሳትጨርስ ሦስተኛው ያልፍሃል፤ ለአባባ የሚተርፋቸው የተቀዳው ሳቅ ብቻ ነው። (ሳቁ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገባ ጸጥ ይላል። አዘጋጆቹ ሆን ብለው ነው።)

ዓይን የሚከተለውን ምረጥ። እኔ ብሆን እ.ኤ.አ. በ1978 በቀረበው «ፖይንት ኦቭ ቪው» እጀምራለሁ። ካሜራው ራሱ የቆሰለው ወታደር ዓይን ነው። ልጁ ጉሮሮውን ተመትቷል፤ መናገር አይችልም። ሄሊኮፕተሩን፣ የሚያጎነብሱበትን ሐኪሞች፣ ሁሉን በእሱ ዓይን ታያለህ። አስተርጓሚ እምብዛም አይፈልግም። ከዚያ «ላይፍ ታይም»፦ ስክሪኑ ላይ ሰዓት ይቆጥራል፤ ትልቁ የደም ሥሩ የተቀደደ ወታደር ሽባ ሳይሆን እንዲደርሱለት ይሯሯጣሉ።

«ዴዝ ቴክስ ኤ ሆሊዴይ»ን አትለፈው። የፈረንጅ ገና ነው። የማይተርፍ ቁስለኛ አለ፣ የልጆች አባት። ልጆቹ ገናን አባታቸው የሞተበት ቀን ብለው እንዳያስታውሱት እስከ እኩለ ሌሊት ሊያቆዩት ይታገላሉ። አልሆነም። ሐኪሙ ሆክአይ የግድግዳውን ሰዓት ወደፊት ይገፋዋል።

እኔ አብልጬ የምወደው በጥቁርና ነጭ የተቀረጸው «ዘ ኢንተርቪው» ነው። ግን ወሬ ብቻ ስለሆነ ለራስህ አስቀረው።

ወደ «አቢሲኒያ» ስንመጣ፣ ስለ እኛ አይደለም። የእንግሊዝኛው «እንገናኛለን» በጥድፊያ ሲነገር ስለሚመስለው የተቀለደ ስንብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሲታይ ግን ብዙ ሰው በቁጣ ደብዳቤ ጽፏል። አዛዡ ሄንሪ ብሌክ ተሸኝቶ፣ ተስሞ፣ ወደ አገሩ ይበራል። መጨረሻ ላይ ራዳር የሚሉት ልጅ ቀዶ ጥገና ክፍል ይገባና፣ አውሮፕላኑ ጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ ወደቀ፣ የተረፈ የለም የሚል መልእክት ያነብላቸዋል። አብዛኞቹ ተዋናዮችም ያን ገጽ ያዩት ሊቀረጽ ሲል ነው። ከቃኘው ከ120 በላይ ወታደሮች ሞተዋል። አባባ እዚህ ላይ የጓደኛ ስም ከጠሩ፣ ፊልሙን አቁመህ እሳቸውን ስማ።

የመጨረሻውን ክፍል፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1983 ከ100 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ያዩትን፣ መጀመሪያ ለብቻህ እየው። አውቶቡስ ውስጥ ስላለች እናትና ልጇ የሚተርክ ቦታ አለ፤ ከባድ ነው። ታሳያቸው አታሳያቸው እንደሆነ እኔ አልወስንልህም፤ አባባን የምታውቃቸው አንተ ነህ።