የአማቼን የመፍቻ ሳጥን ልክፈተው?

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አምድዎን ሁሌም አነባለሁ። እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ትዕግስቴ ስላለቀ ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። መምህር ነኝ። አንድ አሮጌ ኮሮላ አለችን። ሁዳዴ ሲገባ ከኮፈኖዋ ስር መጮህ ጀመረች። ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ጠጠር የገባበት ጣሳ ነው የምትመስለው። ነዳጅ ስረግጥ ድምፁ ይጠፋል። ቆየት ብሎ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው። ያኔውኑ ጠራነው፣ መጣ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና «የዲናሞው ፑሌጃ ነው። ጣጣ የለውም፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ እቀይርልሃለሁ» አለኝ። ፑሌጃ ማለት ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ጫፍ ላይ ያለው፣ በቺንጋው (በላስቲክ ቀበቶው) የሚዞረው መዘውር ነው። ደስ አለን። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው የውሃ ሽታ ሆነ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» ይላል። ቅዳሜ ስልኩ አይነሳም። ሰኞ ራሱ ይደውልና «ወንድሜ፣ ሥራ በዛብኝ» ይለኛል። ደግሞ ሌላ ቅዳሜ ይቀጥረኛል። ፋሲካም መጥቶ ሄደ። በበዓሉ ቀን ቤታችን መጥቶ በልቶ ጠጥቶ፣ መኪናዋን በጎን አልፏት ነው የወጣው። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም! ለመሆኑ ሰው እንዲህ ይጨክናል?

ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሳቸው በባጃጅ ነው። መኪናዋን ለረጅም መንገድ ቆጥቤአታለሁ። ረጅሙ መንገድ ደግሞ ምን መሰለዎት? አማቴን ለደም ግፊት ክትትል ከመርዓዊ ማመላለስ ነው። የእሱ እናት ናት እኮ! እኔ የእሱን እናት በምትጮህ መኪና አመላልሳለሁ፣ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን ያጠፋል።

ለባለቤቴ ስነግራት «ተወው፣ ሲመቸው ይመጣል» ትላለች። ጉዳዩን ባነሳሁ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። እሺ ሌላ ጋራዥ ልውሰዳት ስላት ደግሞ «ወንድሜ እያለ? ሰው ምን ይለናል?» ብላ ትቆጣለች። ታዲያ ምን ላድርግ?

በመጨረሻ ራሴ ልሞክር ብዬ ቪዲዮዎች አየሁ። ቺንጋውን አወጣሁት። ፑሌጃው ግን በተለመደው መፍቻ የሚፈታ አይደለም። መሐሉ ላይ ዳዶ የለውም፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ነው ያለው። ጎረቤቴ ረጅም ብረት አመጣና ስንታገል ጥርሱ ትንሽ ተላጠ። ብዙም አይደለም። ቺንጋውን መልሼ አስገብቼ ተውኩት።

ለዚህ የሚሆነው ልዩ መፍቻ አማቼ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። እንዲያውም እኛው ቤት ነው ያለው። ጥምቀት ሰሞን የመፍቻ ሳጥኑን እንዳለ አምጥቶ «ለትንሽ ጊዜ ይቀመጥልኝ» ብሎ ዕቃ ቤት አስቀምጦት ሄዷል። በጓጉንቸር ተቆልፏል። ጓጉንቸሩ ግን ይህን ያህል አይደለም፣ በካቻቢቴ ይወልቃል።

ጋሼ፣ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሳጥኑን ከፍቼ በመፍቻው ብጠቀም ነውር ይሆንብኛል? ስጨርስ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። መቼም ቤተሰብ ነን። ስንት ዓመት መኪናችንን ሲሠራ በሂሳብ ተነጋግረን እንኳ አናውቅም።

የጨነቀው መምህር፣ ከአባይ ማዶ

* * *

ወንድሜ፣ ጓጉንቸሩን እንዳትነካው።

የጠየቅከኝን መለስኩልህ። አሁን ወዳልጠየቅከኝ ልሂድ።

ስለ ቅዳሜዎቹ፣ ስለ ባጃጁ፣ ስለ አማትህ በደንብ ጽፈሃል። አንዲት ነገር ግን እንደ ዋዛ ወርውረሃት አልፈሃል። መካኒኩ የመፍቻ ሳጥኑን ከጥምቀት ጀምሮ አንተ ዕቃ ቤት አስቀምጧል። ሳጥኑን እንዳለ! ታዲያ ሰውዬው በምኑ ነው የሚሠራው? በጥርሱ ነው ብሎን የሚፈታው? «ሥራ በዛብኝ» ሲልህ አንድ ቀን እንኳ «በየትኛው መፍቻ?» ብለህ አላሰብክም?

መምህር ነህና ይህን ሙያ በቅርብ ላታውቀው ትችላለህ። መካኒክ ሳጥኑ የሚሞላው በአንድ ቀን አይደለም። ረዳት ሆኖ ይገባል። ዕቃ በናፍጣ ያጥባል፣ መኪና ስር ተኝቶ መፍቻ ያቀብላል፣ ይሰደባል። ዕቁብ ሲደርሰው ጥቂት መፍቻ ይገዛል። የደህና ሥራ ብር ሲያገኝ ይጨምርበታል። አንተ የተመኘሃት ዓይነት ልዩ መፍቻማ አንዳንዱ ጋራዥ ውስጥ ያለችው አንዲት ናት፣ ባለቤቷም ሲያውሳት እጁ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ የተጠራቀመ ሳጥን እህት ቤት ተቆልፎ ሲከርም አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ምን እንደሆነ እኔ ልነግርህ አልችልም። ከሚሠራበት ጋራዥ ወጥቶ ይሆናል። የቦታ ኪራይ ከብዶት ይሆናል። ዕዳ ገብቶ «ሳጥኑን እንዳይወስዱብኝ» ብሎ አሽሽቶትም ይሆናል። ታሞም ሊሆን ይችላል። ሚስትህ ግን ሳታውቅ አትቀርም። ነገሩን ስታነሳ ፊቷ የሚጠቁረው ለምን ይመስልሃል? ሌላ ጋራዥ አትሂድ ያለችህስ? የባሕር ዳር መካኒኮች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ኮሮላዋን ይዘህ ስትገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «እገሌ እያለልህ?» ነው የሚሆነው። ሁለተኛው ምን እንደሚሆን ፈርታ ነው።

በፋሲካ መኪናዋን ቀና ብሎ አለማየቱን ጭካኔ ብለኸዋል። እኔ ኀፍረት ነው የምለው። ሥራውን ያጣ ሰው የሥራውን ዕቃ ማየት ይጨንቀዋል።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ ደግሞ አናደደችኝ። «በሂሳብ ተነጋግረን እንኳ አናውቅም።» ይህን እንደ መልካም ነገር ነው የጻፍከው! ስንት ዓመት ካንዴላ ቀይሮልሃል፣ የፍሬን ሸራ አስገብቶልሃል፣ ዘይት ለውጦልሃል። ያን ሁሉ ጊዜ ሌላ ደንበኛ አቆይቶ ነው የመጣልህ። ምሳ አብልተነዋል እንዳትለኝ። አከራይ በምሳ አይስማማም። የዘመድ ሙያ በነጻ ነው የሚለውን ልማዳችንን አልወደውም፣ ብዙ ባለሙያ ያደኸየው እሱ ነው። አንተ ራስህ የዘመድ ልጅ በነጻ ስታስጠና ስንት ወር ትቆያለህ?

አሁን ወደ መኪናዋ። ይህ የቤተሰብ አምድ ነው የምትሉ አንባቢዎች ለጥቂት ደቂቃ ታገሡኝ፣ የአንዲት እናት ነገር አለበት።

ያ ፑሌጃ ድፍን ብረት አይደለም። የሚይዘው ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ዲናሞውን ይዞ ያዞረዋል። ሞተሩ ድንገት ሲቀንስ ደግሞ ይለቀዋል፣ ዲናሞውም በያዘው ፍጥነት ለራሱ ይሽከረከራል። ቺንጋው እንዳይንገጫገጭ የታሰበ ነገር ነው። ውስጡ ሲበላሽ አንድም ነክሶ ይቀርና ቺንጋውን ያርገፈግፈዋል፣ አንድም መያዙን ይተዋል። መያዙን ከተወ ዲናሞው በቅጡ አይዞርም፣ ባትሪው አይሞላም። የአንተ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ ወደዚህኛው ያደላል። የዲናሞው ካርቦን (ውስጡ እየተፋቀ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) አልቆም ሊሆን ስለሚችል ግን በጆሮ ብቻ አይፈረድም። ቺንጋው ሲወጣ የዲናሞውን ውስጥ አስይዞ ፑሌጃውን በእጅ ማዞር ነው። ወደ አንድ በኩል ይዞ፣ ወደ ሌላው በነጻ መዞር አለበት። በሁለቱም በኩል ከያዘ ወይም በሁለቱም በኩል ከዞረ ሞቷል።

የሚያስፈራኝ ባትሪው አይደለም። በአንድ ረጅም ቺንጋ በሚሠሩት ኮሮላዎች ላይ ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ያዞራል። ከተበጠሰ የራዲያተሩ ውሃ መዞሩን ያቆማል፣ ሞተሩ ይፈላል። ከመርዓዊ ባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደም ግፊት ያለባቸውን እናት ይዘህ፣ ጥርሱ በተላጠ ፑሌጃ ላይ መልሰህ ባስገባኸው ቺንጋ ነው የምትሄደው? እስኪሠራ ድረስ በሚኒባስ ይምጡ፣ አንተ መናኸሪያ ጠብቃቸው።

«ትንሽ ተላጠ፣ ብዙም አይደለም» ላልከውም መልስ አለኝ። ይህ ፑሌጃ የሚፈታው መሐል ያለው ዘንግ በአንድ መፍቻ ተይዞ፣ ፑሌጃው ራሱ በሌላ ጥርስ ባለው መፍቻ ሲዞር ነው። ሁለቱም መፍቻ የሚነክሰው ጥርሱን ነው። ጥርሱ ካለቀ ልዩ መፍቻውም ይንሸራተታል። ያኔ ዲናሞው ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀረጽበት ቦታ መሄዱ ነው። ያ ረጅም ብረት ለጎረቤትህ ይመለስለት።

እሁድ ተነስና አማችህ ቤት ሂድ። ብቻህን ሂድ፣ ደውለህ አትቅጠረው። ስለ ፑሌጃው ቀድመህ እንዳታነሳ። «ሳጥንህ እኛ ጋ ከርሟል፣ ምን ሆነህ ነው?» በለው። ከነገረህ ስማው። ካልነገረህ አትጫነው፣ «ስትፈልግ ላምጣልህ?» ብለህ ተወው። ሚስትህንም ከዚያ በፊት በጥያቄ አታስጨንቃት። የወንድሟን ምሥጢር ጠብቃለች እንጂ አልበደለችህም።

ልሥራልህ ካለ ጓጉንቸሩን ራሱ ይክፈተው። አንተ ረዳቱ ሁን፣ መማር ፈልገሃልና በዚያው ትማራለህ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ አውልቁ። ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ስለሚመጣ ቁልፉ ቢጠፋም ኃይል አለው፣ መፍቻ ከቦዲው ጋር ካገናኘው ቀልድ የለም። ዲናሞውን አውርዳችሁ ሞርሳ (ዕቃ አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ ብትሠሩት ይሻላል፣ ሞተር ውስጥ ጎንብሶ መታገል ነው ጥርስ የሚያስልጠው። አዲሱ ሲገባ ፊት ለፊቱ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን አትርሱ፣ አቧራና ውሃ የምትከላከለው እሷ ናት። ሞተሩ ሲነሳ ባትሪው ላይ በቴስተር ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው።

የእጁን ዋጋ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ንገረው፣ ሌላ ጋራዥ የምትከፍለውን ያህል። እምቢ ይልሃል። ደግመህ ስትነግረው ይቆጣል። ስትሸኘው ኪሱ ውስጥ ክተትለት። እጄ ገና ወደ ሥራ አልተመለሰም፣ አልሠራም ካለህ ደግሞ ክፉኛ አትዘን። መፍቻዋን አውሰኝ ብለህ ለምነው፣ ከሰጠህ ሌላ መካኒክ ጠርተህ አሠራ።

ፑሌጃውን አስቀድመህ እንዳትገዛ። አሮጌው ወጥቶ ይዛችሁት ሂዱና የቺንጋውን መስመሮች ቁጠሩ፣ ስፋቱንና የሚታሰርበትን ጥርስ ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ሻጩ «ድፍኑን ውሰድ፣ ርካሽ ነው፣ ያው ይሠራል» ይልሃል። ይገጥምና ይሠራል፣ ቺንጋውን ግን እንደገና ማርገፍገፉ አይቀርም። አማችህ ምን እንደሚል እየው፣ እሱ ያለህን ግዛ።