ስለ ክሪሳንተመም ነጭ ዋግ፦ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያንብቡ

ጠያቂያችን፣ «የክሪሳንተመሜ ቅጠል ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ከቅጠሉ ጀርባ ደግሞ ነጭ ኪንታሮት የመሰለ ነገር አብጧል፤ ምን ልርጭ?» ብለው ጠይቀዋል። ይኸው በሽታ ሁለት ዓመት ሙሉ ስላንገላታኝ በዝርዝር እመልስልዎታለሁ። ያዩት ነጭ ዋግ የሚባል የፈንገስ በሽታ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፑክሲኒያ ሆሪያና ይባላል።

1. ቅጠሉን ይገልብጡት። ከላይ ያለው ቢጫ ነጠብጣብ የብዙ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የሚያረጋግጥልዎ ከጀርባው በፈዛዛ ሮዝ ጀምሮ ኋላ የሚነጣው፣ ሰም የመሰለው እብጠት ነው። በጣት ሲያሹት ቡናማ ዱቄት ከተወ ግን ሌላው፣ ቡናማው ዋግ ነው። እኔ የታመመውን ቅጠል በወረቀት ጠቅልዬ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ስወስድ፣ ባለሙያው ከላይ ብቻ አይቶ «የማዳበሪያ እጥረት ነው» አለኝ። «እባክዎ ይገልብጡት» ስለው፣ «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ አሰናበተኝ። በዚያ ምክር ማዳበሪያ ስጨምር ያጠፋኋቸው 3 ሳምንታት እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል።

2. ውኃ ጠዋት፣ ከሥሩ ብቻ ያጠጡ። ፈንገሱ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይመቸዋል፤ ቅጠሉ ለጥቂት ሰዓታት ረጥቦ ከቆየለትም ገብቶ ይሰፍራል። በአየር የሚበተኑት ስፖሮቹ (ፈንገሱ የሚራባባቸው ደቃቅ ቅንጣቶች) በደረቅ አየር በደቂቃዎች ውስጥ ሲሞቱ፣ በእርጥብ አየር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይጓዛሉ። ሌሎች ተክሎችን አይንቀሉ፤ ይህ ዋግ ሕይወቱን የሚጨርሰው በክሪሳንተመምና በጥቂት የቅርብ ዘመዶቹ ላይ ነው። እኔ ሱፍ ከአንድ ቤተሰብ ነው ብዬ ጤነኛውን ሁሉ ነቅዬ ጥያለሁ፤ የሱፍ ዋግ ግን ሌላ ዝርያ ነው።

3. ከተረጨ ተክል ችግኝ አይቁረጡ። እዚህ ላይ ነው የከሰርኩት። በሙቀቱ ወቅት ከሁለት ርጭት በኋላ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ስለጠፋ፣ ድኗል ብዬ ከእናት ተክሎቹ ከ200 በላይ ቁራጭ ወስጄ ተከልኩ፤ ለሁለት ወዳጆቼም በልበ ሙሉነት ሰጠሁ። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ፈንገሱ ቅጠሉ ውስጥ እስከ 8 ሳምንት ሊደበቅ እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር። ሌሊቱ እንደቀዘቀዘ አንድ ጠዋት የገለበጥኩት ቅጠል ሁሉ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ወዳጆቼ ጋ ሄጄ፣ የሰጠኋቸውን በገዛ እጄ ነቅዬ አቃጠልኩ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው።

በሽታው እ.ኤ.አ. በ1895 ጃፓን ውስጥ ከታየ በኋላ በ1960ዎቹ ወደ አውሮፓ የገባው፣ ጤነኛ በሚመስሉ እንዲህ ባሉ ቁራጮች መሆኑን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ አገሮች በኳራንቲን የሚቆጣጠሩት ስለሆነ፣ ቢሮው ቢያመናጭቅዎም ያሳውቁ፤ ቢሮው ጥቆማዎን መቀበሉን የሚያሳይ ማስረጃም በጽሑፍ ይያዙ።

እኔ የታመመውን ሁሉ የወደቀ ቅጠል ሳይቀር ለቅሜ አቃጠልኩ፤ መደቡንም 8 ሳምንት ባዶ ተውኩት። አዲሱን ችግኝ ለብቻው አቆይቼ በየሦስት ቀኑ እየገለበጥኩ አየሁ፤ ፈንገሱ አንድ መድኃኒት ብቻ እንዳይለምድም አዞክሲስትሮቢንና ማይክሎቡታኒል የተባሉ ሁለት ፀረ-ፈንገስ መድኃኒቶችን እያፈራረቅሁ ረጨሁ። ሁለት የአበባ ወቅት ያለ አንድ እብጠት አልፏል፤ በዚህ እኮራለሁ። እርስዎም ዛሬውኑ የታመሙትን በላስቲክ ሸፍነው ይንቀሉ፤ ስፖሩ እንዳይበተን ግን ቅጠሉ ደረቅ በሆነበት ሰዓት ይሁን።